ማንኛውም ፈሳሽ ይሆናል

ዘሃራ መሞቷን የሰማሁት ቢቸና ገበያ መሃል ቆሜ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። ስልኬ ጮኸ፤ የአክስቷ ልጅ ናት። «እትዬ ውባለም፣ አይዞሽ» ብላ ጀመረች። ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። በአይዞሽ የሚጀመር ወሬ መጨረሻው ምን እንደሆነ ማን ያጣዋል? ባሕር ዳር ሐኪም ቤት መተኛቷን አውቅ ነበር። በቀደም ስደውልላት «ተሽሎኛል፣ ትንሽ ሰንብቼ እመጣለሁ፣ ክፍሌን አናፍሺልኝ» አለችኝ። እኔም ሞኟ አምኜ ክፍሏን አናፈስኩ፣ አንሶላዋን አጠብኩ። ሽንኩርት ሻጯ «ስንት ኪሎ ልመዝንልሽ?» ስትለኝ አፍጥጬ አየኋት። የቀብሩን ሰዓት ስጠይቅ አልቋል አሉኝ። በእነሱ ሥርዓት ሬሳ አያድርም፤ ሞጣ ወስደው አባቷ አጠገብ ቀብረዋታል። እኔ ገበያ ስወጣ እሷ አፈር ገብታ ነበር።

ዘሃራና እኔ ቢቸና አንድ ትምህርት ቤት ነበር የምናስተምረው፤ እኔ አማርኛ፣ እሷ ፊዚክስ። አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ሁለት ክፍል ተከራይተን ስንኖር ብዙ ክረምት አልፏል። እሷ የሞጣ ልጅ፣ ከሙስሊም ነጋዴ ቤተሰብ የተወለደች፤ እኔ ከየጥኖራ የመጣሁ የገበሬ ልጅ። እሷ ረመዳን ስትይዝ እኔ ምሳዬን በሬን ዘግቼ እበላለሁ፤ እኔ ስጾም እሷ ሥጋ ከነጭራሹ ግቢ አታስገባም። ተነጋግረን የተስማማንበት ነገር አይደለም፣ እንዲሁ ሆኖ ተገኘ። ስንነካካ ግን ለጉድ ነው። «አንቺ ብርጭቆ ከእጅሽ ቢያመልጥ ከመደንገጥሽ በፊት ፍጥነቱን ታሰያለሽ» እላታለሁ። «አንቺ ደግሞ ስባሪውን ሳትጠርጊ ግጥም ትገጥሚለታለሽ» ትለኛለች።

አጭር ናት፣ እርምጃዋ ፈጣን ነው፤ አብሬያት ስሄድ እኔ እሮጣለሁ። ሻሿ ላይ ጠመኔ አይጠፋም፤ ጠመኔ በያዘ እጇ ስለምታስተካክለው። ነገር ስታስረዳ አውራ ጣቷን ጠረጴዛ ላይ ተክላ ጥፍሯ ነጭ እስኪሆን ትጫናለች። ስትናደድም እንደዚያው ነው። የመምህራን ስብሰባ ሲንዛዛ ዓይኔ ወደ ጣቷ ይሄዳል፤ ነጭ ከሆነ ልትናገር ነው ማለት ነው፣ እኔም ወንበሬን አመቻችቼ እጠብቃለሁ። ተማሪ መልሱን ብቻ ጽፎ ከመጣ ዜሮ ነው የምትሰጠው። አንዱ ጎረምሳ «ቲቸር፣ መልሱ እኮ ልክ ነው» ብሎ ሲሟገታት «መልሱ ልክ ነው፤ አንተ ግን የለህበትም። ከየት ተነስተህ እዚህ እንደደረስክ አሳየኝ» ስትለው ሰምቻለሁ። ልጁ ለሳምንት አኩርፏት ነበር። እሷ ምንም አልመሰላትም።

ያኔ ፕላዝማ የሚባለው ቴሌቪዥን በየክፍሉ የተገጠመበት ዘመን ነው። ትምህርቱን ከሩቅ ያለ ሰውዬ በእንግሊዝኛ እንደ ጥይት ያንጣጣዋል፤ ለመምህሩ የሚተርፈው መግቢያና መውጫ ላይ ያለች ጥቂት ደቂቃ ናት። የፈሳሽ ግፊት ትምህርት የደረሰ ቀን ሰውዬው የመኪና ማንሻ ሥሎ፣ ጥያቄውን ጽፎ፣ አስልቶ፣ መልሱ ላይ አስምሮ ሲጨርስ ልጆቹ ገና ርዕሱን እየገለበጡ ነው። ዘሃራ አታቋርጠውም። «እንግዳ ነው፣ ይጨርስ» ትላለች። ሲጨርስ የቴሌቪዥኑን ሳጥን ትቆልፍና ከቦርሳዋ ሁለት ሲሪንጅ ታወጣለች። አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም፣ በጉሉኮስ ቱቦ የተያያዙ፣ ውስጣቸው ውሃ የሞላ።

ወፍራሙን ለክፍሉ ጉልበተኛ ትሰጣለች፣ ቀጭኑን ለአንዲት ከሲታ ልጅ። «ተጋፉ፤ ማን እንደሚያሸንፍ እንይ።» ጎረምሳው ፊቱ እስኪቀላ ይገፋል። ልጅቷ በአንድ አውራ ጣቷ ጫን ስትለው የእሱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ክፍሉ በሳቅ ይናጋል። ከዚያ ነው ማስረዳት የምትጀምረው። «ውሃው ታስሯል፣ መሄጃ የለውም። ስለዚህ አንድ ቦታ የተገፋውን ያህል በየቦታው ይገፋል። ትንሹ ላይ ያረፈው ግፊት ትልቁም ላይ እኩል ያርፋል፤ ትልቁ ግን ሰፊ ነው፤ በሰፋው ልክ ኃይሉ ይበዛል።» ቀጥላ ጥያቄ ትጽፋለች። መኪናው ሃያ ኩንታል ይመዝናል፣ ትልቁ ፒስተን ከትንሹ መቶ እጥፍ ይሰፋል፣ ትንሹ ላይ ስንት ኪሎ ቢቀመጥ መኪናው ይነሳል? አንድ ቀን ትርፍ ክፍለ ጊዜ ነበረኝና ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ከቁጥር ጋር ከልጅነቴ ጀምሮ ተኳርፈን የምንኖር ሰዎች ነን። ግን ሳላስበው «ሃያ ኪሎ» ብዬ ጮኽኩ። ልጆቹ ዞረው አዩኝ። ዘሃራ ሳትስቅ «እትዬ ውባለም፣ እጅ አውጥተው ይናገሩ» አለችኝ።

«ሃያ ኪሎ ታናሽ እህታችሁ ናት» ብላ ቀጠለች። «እሷ ቁጭ ብትልበት መኪና ይነሳል። ግን መኪናው አንድ ሴንቲሜትር ከፍ እንዲል እህታችሁ አንድ ሜትር መውረድ አለባት። በኃይል ያገኛችሁትን በርቀት ትከፍላላችሁ። በነፃ የተነሳ መኪና የለም።» እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ ከመንካታቸው በፊት የምታስመልሳቸው ሦስት ነገር ነበር፤ ማን ይገፋል፣ ማን ይነሳል፣ መሃላቸው ምን አለ። ልጆቹ ሠርግ ቤት ሳይቀር በዜማ እየተቀባበሉ ያሾፉበት ነበር።

ኑሩ ታላቅ ወንድሟ ነው። አባታቸው ሲሞት እሷ ገና ፊደል አልቆጠረችም፤ ያሳደጋትም ያስተማራትም እሱ ነው። የራሱን ትምህርት አቋርጦ ጋራዥ ገባ፣ ቆይቶም ሞጣ ላይ የራሱን ከፈተ። ጋሼ ነበር የምትለው። «የእኔ ዲግሪ ጋሼ ጥፍር ውስጥ ያለው ግሪስ ነው» ስትል ዓይኗ ውሃ ይሞላል። ለአረፋ በዓል አንድ ጊዜ ይዛኝ ሄደች። ለእኔ የሚሆነውን ከክርስቲያን ጎረቤት ቤት አሳርደው፣ አሠርተው፣ ለብቻ ትሪ አቅርበው ጠበቁኝ። ኑሩ ትልቅ ድምፅ ያለው፣ ሳቂታ ሰው ነው። እየበላን ሳለ ሥራውን ማማረር ጀመረ። ከባድ መኪና የሚያነሳው ትልቁ ክሪክ ዘይቱ አልቆ ሥራ ፈትቷል፤ ሞጣን ሙሉ ቢዞር የክሪክ ዘይት የለም፤ ከባሕር ዳር እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

«ጋሼ፣ ግፊት ለማስተላለፍ እኮ ማንኛውም ፈሳሽ ይሆናል» አለችው ዘሃራ። «እኔ ልጆቹን የማስተምረው በውሃ ነው።»

«በውሃ?»

«በውሃ። ሕጉ ፈሳሽ አይመርጥም። ብቻ ይታሰር።»

ኑሩ ወደ እኔ ዞሮ «አየሻት? ይህችን ነው ያስተማርኩት» አለኝ። የጨዋታ ወሬ ነበር። እኔም ሥጋዬን እየበላሁ ነበር፣ ቁም ነገር ብዬ አላዳመጥኩትም።

ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት ዘሃራ ስልክ አነጋግራ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። «ጋሼ ጋራዥ ሰው ሞተ» አለችኝ። የሞተው ይበልጣል የሚባል መካኒክ ነው፤ አብሮት ብዙ የሠራ፣ ሥራውን የሚወድ ጭምት ሰው። እኔም በዓሉ ዕለት ሰላም ብዬዋለሁ። አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ በትልቁ ክሪክ አንስተው፣ ይበልጣል ማስደገፊያ የእንጨት ታኮ ሊያስገባ ከሥር ሲጎነበስ አውቶቡሱ ወረደበት። ሐኪም ቤት አልደረሰም።

ኑሩ ለፖሊስም ለቤተሰቡም የተናገረው አንድ ነገር ነው። ይበልጣል የክሪኩን ማስለቀቂያ ብሎን ሳያጠብቅ ገባ፣ ስለዚህ በራሱ ጥፋት ሞተ። የይበልጣል አባት አያ አበጀ ከሞጣ ወጣ ብሎ ያለ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ልጃቸውን ቀብረው ሳይጨርሱ ይህን ሰሙ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር በፖሊስ ብቻ አያልቅም። ሽማግሌ ተቀምጦ ካልጨረሰው ደሙ በሁለት ቤት መሃል ይቀራል፤ የሟች ወንድሞች ገበያ ላይ ከኑሩ ጋር ሲተያዩ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም። ሽማግሌዎቹ ግን ክሪክ ምን እንደሆነ አያውቁም። ያኔ ኑሩ ራሱ «እህቴን ጥሩልኝ። የምታስተምረው ይሄንኑ ነው፣ እሷ ታስረዳችሁ» አለ። የሟች ዘመዶች እህቱ ናት ብለው ሲቃወሙ አያ አበጀ ናቸው አሉ ያስቆሟቸው። «መምህር ናት ይባላል። መምህር በልጆች ፊት የሚቆም ሰው ነው። ትምጣ» ብለዋል።

አብሬያት ሄድኩ። ብቻዋን መሄድ አልቻለችም፣ እኔም ብቻዋን አልሰዳትም። ከቢቸና እስከ ደብረ ወርቅ ጣቷን የፊት ወንበር ብረት ላይ ተክላ መንገዱን ታያለች። ደብረ ወርቅን ስናልፍ «ጋሼ ነው ያሳደገኝ» አለች። «አውቃለሁ» አልኳት። «ከተነሳን ጀምሮ በልቤ ሳሰላው ነበር። ብሎኑ ተፈትቶ ከሆነ ዘይቱ ይመለሳል፣ መኪናው ይወርዳል፣ ያለቀለት ነገር ነው። ግን ብሎኑ ካልተፈታስ?» በዋዜማው ማታ ባሕር ዳር ላለ መሐንዲስ የክፍል ጓደኛዋ ደውላ ብሎኑ ጠብቆ ክሪክ የሚወርደው በምን እንደሆነ ጠይቃዋለች። ምን እንዳላት አልነገረችኝም።

ሽምግልናው የተቀመጠው እዚያው ጋራዡ ግቢ ውስጥ ነው። አግዳሚ ወንበር ደርድረዋል። መሃል ላይ ሰብሳቢው መሪጌታ፣ አጠገባቸው የሰፈሩ ሼህ፣ በግራ የኑሩ ሰዎች፣ በቀኝ የሟች ወገን። ክሪኩን ፖሊስ አይቶ መልሶታል፤ ጨርቅ ተሸፍኖ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ማንም ወደዚያ ማየት አይፈልግም። ኑሩ ዘሃራን ሲያይ ፊቱ በራ፤ እኔም ያን ጊዜ አዘንኩለት።

ዘሃራ ለወሬ አልቸኮለችም። አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ከሥሩ ታኮ እንዲደረደርለት አደረገች፤ ቢወርድም ጥቂት ብቻ ወርዶ እንጨቱ ላይ እንዲያርፍ። ክሪኩን አስገቡ። «መሪጌታ፣ ይህችን ብሎን አንቱ በእጅዎ ያጥብቁልኝ» አለች። መሪጌታው ጋቢያቸውን ለጎረቤታቸው ሰጥተው ተጎንብሰው አጠበቁ፤ አቅማቸው እስከፈቀደ። አንድ መካኒክ ፓምፑን እያነሳ እያወረደ መኪናውን ከታኮው ከፍ አደረገው። ዘሃራ ሁሉንም ሰው ወደ ኋላ አስመለሰች። መኪናው ቆመ። «ይኸው ቆመ» አለ ኑሩ። «አልተፈታም እንጂ ቢፈታ ይወርድ ነበር። እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው።»

ዘሃራ መኪናውን ነው የምታየው። ጥቂት ቆይቶ የፒስተኑ ዙሪያ ሲረጥብ አየሁ። መኪናው ቀስ ብሎ ዝቅ አለ፣ ከዚያ በአንዴ ታኮው ላይ ዘጭ አለ። አንዲት ሴት ጮኸች፤ የይበልጣል እናት መሆኗን ኋላ ነው ያወቅሁት። መሪጌታው ሄደው ብሎኗን ነኩ፣ ሊያዞሯት ሞከሩ፤ እምቢ አለቻቸው። «አልተፈታችም» አሉ። «እንዳጠበቅኋት ናት።» አያ አበጀ ከአግዳሚው ተነስተው ክሪኩ አጠገብ ቁጢጥ አሉና እሳቸውም በጣታቸው ነኳት።

እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ ዕቃ ነው፣ አርጅቷል፣ የአላህ ሥራ ነው ተብሎ ያልፍ ነበር። ሼሁም እንደዚያ ብለው ሊዘጉት አፋቸውን ከፍተው ነበር። ሟቹም ይነጻል፣ ኑሩም ይተርፋል፤ እኔም በልቤ አቁሚ፣ አቁሚ እላታለሁ። እሷ ግን መካኒኩን «ፍታው» አለችው። ውስጡ ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ፣ ላስቲኩ ማለት ነው፣ እንደ ተዘፈዘፈ ሽምብራ አብጦ በእጇ ሲነካ ይፈረፈራል። ፈሳሹን በጣቷ ነክታ አሸተተችው። «ይሄ የፍሬን ዘይት ነው። የክሪክ ጎሚኒ የፍሬን ዘይት አይችልም፤ ቀስ እያለ ይበላዋል። ሲበላ የታሰረው ፈሳሽ ይፈታል፣ ያነሳው ነገር ይወርዳል። ይበልጣል ምንም አላጠፋም።» ከዚያ ቀና ብላ «ማን ነው የጨመረው?» አለች። እያወቀች ነበር የጠየቀችው። ዓይኗ ኑሩ ላይ ነው።

ኑሩ ተነስቶ ቆመ። «አንቺ አይደለሽ እንዴ ማንኛውም ፈሳሽ ይሆናል ያልሽኝ?» አለ። «እዚሁ ቤቴ፣ ማዕዴ ላይ? ውባለምም ሰምታለች። ሕጉ አይመርጥም አላልሽም?»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ፣ ከዚያ ወደ እኔ። መዋሸት እችል ነበር? እንጃ። ዕድሉን አልሰጠችኝም። አውራ ጣቷን የክሪኩ ብረት ላይ ተጭናለች፣ ጥፍሯ ነጭ ሆኗል። «ብያለሁ» አለች።

አያ አበጀ ከተቀመጡበት ቀና ብለው አዩዋት። «ልጄ፣ ያልሽው ነገር ሐሰት ነበር?»

«አይደለም አባቴ። እውነት ነው። ግን ጎደሎ ነው። ግፊቱን ማንኛውም ፈሳሽ ያስተላልፈዋል፤ ዕቃው ግን ማንኛውንም ፈሳሽ አይችልም። ሁለተኛውን አልነገርኩትም። ጥፋቱ የወንድሜ ነው፤ የእኔም ነው።»

መሪጌታው ይበልጣል ጥፋት እንደሌለበት፣ ስሙም በዚያ ነገር እንዳይነሳ፣ ደሙ በኑሩ ላይ መሆኑን ተናገሩ። የካሳውን ነገር ሽማግሌዎቹ ሲጀምሩ አያ አበጀ በእጃቸው አስቆሟቸው። «ካሳውን እንዳላችሁ አድርጉት። እኔ የፈለግሁት ልጄ በሞኝነቱ ሞተ እንዳይባል ነበር፤ እሱን አግኝቻለሁ» አሉ። ስንወጣ ዘሃራን ትከሻዋን ነካ አድርገዋት አለፉ። ኑሩ ግን ፊቱን አዞረ። የተወሰነ ጊዜ ታስሮ ወጣ፣ ጋራዡን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ አላነጋገራትም። ልጁን ሲድር አልጠራትም። እሷ ትደውላለች፣ እሱ አያነሳም። ለእሷ ብዬ ስንቴ ሰደብኩት።

ያን ዓመት የመኪና ማንሻው ትምህርት ሲደርስ ዘሃራ ለፕላዝማው ሰውዬ ተወችለት። እሷ መስኮቱ ጋ ቆማ ሜዳውን ታያለች፤ ልጆቹ ሲሪንጁን ቢጠብቁ የለም። በዓመቱ ግን ተመለሰችበት፤ ሦስቱ ጥያቄዎች ላይ አራተኛ ጨምራ። ፈሳሹ ምንድነው፣ ያሰረው ዕቃስ ይችለዋል? ይህን ያልመለሰ ተማሪ ቀሪውን ሁሉ ልክ ቢሠራ እንኳ ነጥብ ትቀንስበታለች። ልጆቹ መጽሐፉ ላይ የለም ብለው ከርዕሰ መምህሩ ዘንድ ከሰሷት። «መጽሐፉ ሞጣ አልሄደም» አለች። ርዕሰ መምህሩም ተዋት።

ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር አያ አበጀ ዘንድ ትሄዳለች። ሄዳ የምታደርገው ነገር የለም፤ በረንዳቸው ላይ ተቀምጣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ ያወራሉ፣ ትመለሳለች። ስለ ልጃቸው አንስተው እንደሚያውቁ ስጠይቃት «እሳቸው አያነሱም፣ እኔ አልደፍርም» አለችኝ። ስትመለስ ሁልጊዜ ያማት ነበር፤ ራሷን ይዛ ትተኛለች። «ለምን ትሄጃለሽ ታዲያ?» ብላት «ካልሄድኩ ይብሳል» ትለኛለች።

አንድ ምሽት በሬ ላይ መጥታ ቆመች። «አንቺ የአማርኛ መምህር ነሽ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሰው ይገድላል?» አለችኝ። ቀልድ ልጀምር ነበር፣ ፊቷን ሳየው ተውኩት። «የሚገድለው ሰው ነው» አልኳት። «የእኔን ዓረፍተ ነገር የሰማ ሰው ነው የገደለው» አለችኝ። ያችን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደጠየቀችኝ አልቆጠርኩም። በጤናዋም በሕመሟም ጠይቃኛለች። መልስ እየቀየርኩ እሰጣታለሁ፣ አንዱም አላሳመናት። ባሕር ዳር ልትሄድ ስትነሳ፣ ሰውነቷ አልቆ ሻሿ እንኳ ሰፍቷት፣ መኪና እየጠበቅን «እኔ ዝም ብል ኖሮ ይበልጣል ዛሬ አለ» አለችኝ። «ኧረ በፈጣሪ ተይው» አልኳት፣ ተቆጥቼ። ያነጋገርኳት የመጨረሻው ነገር በስልክ ካልሆነ እሱ ነው።

መርዶውን በሰማሁ በነጋታው ሞጣ ደረስኩ። የአክስቷ ቤት ደጃፍ ድንኳን ተጥሏል። ሴቶቹ መሃል ጥቂት ተቀምጬ ቀና ስል አያ አበጀ በአንድ ጥግ፣ ከእኔ ብዙ ሳይርቁ፣ በትራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አርጅተዋል። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ከማንም ቀድመው ነው አሉ የመጡት። ኑሩም ነበር። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ያ ትልቅ ድምፁ የለም። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ልስደበው ይሆን ብዬ አፌን ሳዘጋጅ እሱ ቀደመኝ።

«ውባለም፣ እሷ ባትናገርም ኖሮ እጨምረው ነበር» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው?» አልኩት። አንቱ ማለቱን ያኔ ነው የተውኩት።

«ይበልጣል ነግሮኝ ነበር። ጋሽ ኑሩ፣ የፍሬን ዘይት ጎሚኒውን ይበላዋል፣ ዘይቱ ይምጣና እንሥራ ብሎኝ ነበር። ሥራ ተከምሮብኝ ነበር፤ ዝም በልና ጨምር አልኩት። የእህቴን ነገር ያኔ አላስታወስኩትም እንኳ። ትዝ ያለኝ ሽማግሌዎቹ ፊት ስቆም ነው። ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር፣ አፌ ላይ የመጣው እሱ ሆነ። ብያለሁ ብላ ትቀበላለች አላልኩም። እንዲህ ትሸከመዋለች አላልኩም።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ያኮረፍካት ታዲያ ለምንድነው?»

«መች አኮረፍኳት? ድምፅዋን ከሰማሁ እውነቱ ይወጣብኛል ብዬ ነው የሸሸኋት። ከወጣ ደግሞ ለአያ አበጀ ትነግራለች። አታውቂያትም?»

አውቃታለሁ። ትናገር ነበር፤ በዚያው ቀን። አንድ ቃል፣ አንዲት የስልክ ጥሪ ያድናት ነበር። ከበሽታው አያድናትም፤ ከዚያኛው ሸክም ግን ያድናት ነበር። «ተነስና ንገራቸው። እዚያ ተቀምጠዋል» አልኩት። አንገቱን ደፋ። ትንሽ ጠበቅሁት። አልተነሳም።

እኔ ተነሳሁ። አያ አበጀ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ሰጡኝ። «ምን አለሽ?» አሉኝ፤ ለካ ሲያዩን ኖረዋል። የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው።

«ልጄ ያውቅ ነበር?» አሉ።

«ያውቅ ነበር።»

«ነግሮትም ነበር?»

«ነግሮት ነበር።»

በትራቸውን መሬት ላይ አጋደሙ። ይወጡ ይሆናል ብዬ ፈራሁ፣ ኑሩን ያዩት ይሆናል ብዬም ፈራሁ። ወደ ኑሩ አልዞሩም።

«እሷስ?» አሉኝ። «ይህን ሰምታ ነው የሄደችው?»

«አልሰማችም።»

«እስከ ዛሬ በረንዳዬ ላይ ስትቀመጥ እኔ ገደልኩት እያለች ነበር?»

«አዎ፣ አያ አበጀ።»

«እንግዲያው የተለቀሰላት አይበቃም» አሉና ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳይከናነቡ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። በሙስሊም ሥርዓት ለቅሶ ላይ መጮኽ አይወደድም። ያን ቀን ግን አንድም ሰው ዝም በሉ አላላቸውም።